አንድ ጠብታ ለግራ ዓይን

ከሚሴ፥ ህዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሪሀና፥ ጅማ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። ሰላምታዬ ከጨፋ ሜዳ ይስፋ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

በስልክ ቶሎ የዘጋሁብሽ ተጣልቼሽ አይደለም ሪሀናዬ፥ አፉ በይኝ። ምን ላድርግ! ስልኩ ሲጮህ እማ «ድምጹን ልቀቂው፥ ልጄን ልስማ» ትላለች። ከለቀቅሁት ደግሞ የምትሰማው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ጎረቤታችን ሰዒዳም ጆሮዋን አጥሩ ላይ ታሰጣለች። ያንቺን የእግር እብጠት ለገበያው ያዳረሰው ማን ይመስልሻል? ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ቆረጥሁ። እማ ፊደል አልቆጠረች፥ ሰዒዳም ብትቆጥር አጥር ላይ ሆኖ አይነበብ። አብዱልጀሊል በየአሥር አሥራ አምስት ቀኑ ሽንኩርት ጭኖ ጅማ ይወርዳል፤ ያ አይሱዙውን እንደ ሙሽራ በፕላስቲክ አበባ የሚሸልመው። እሱ ያደርስልኛል።

ዓይኗን ጠይቀሻል። ግራው ቀልቶ፥ ብርሃን ሲነካው እንደ ሚጥሚጣ እያቃጠላት ደሴ ወሰድኋት። ሐኪሙ ሁለት ጠርሙስ ጠብታ ሰጠን። ቀይ ክዳን ያላትን ይዞ «ይህቺ ብሌኑን ከፍታ ታሳርፈዋለች። ጠዋትና ማታ አንድ ጠብታ ለግራ ዓይን» አለን። እኔም እንደ ዱዓ በቃሌ ይዤ ተመለስሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቆመሽ እንደሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። እማ መረቀችን! እኔንና ካሚልን! አዎ፥ የውሃ ሞተር ጠጋኙን ካሚልን፥ የባህል ሐኪሙን የቃሲምን ልጅ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሙ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው እማ፥ በአፏ መረቀችን!

እንዲህ ነው የሆነው። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሼህ በድሩ ለዓይኗ ዱዓ ሊያደርጉ ሰው ይዘው መጡ። ካሚል እንደ ልማዱ ከውጭ ቀረና ከቆርቆሮ አጥራችን ተደግፎ ቆመ። እማ ታመመች በተባለ ቁጥር መጥቶ እዚያው ይቆማል፤ ግባ የሚለው የለ፥ ሂድ የሚለው የለ። ሼህ በድሩ እጃቸውን ዘርግተው ገና ሳይጀምሩ እማ ከመደቡ ላይ ቀና አለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ዓይኖቿ ጠቁረው፥ ሰፍተው፥ የሩቅ አገር የምታይ ይመስል ነበር። ወላሂ ወጣት ሆና አየኋት። ሁለት እጇን አነሳችና፦

«ዘይቱናን ለካሚል ሰጠኋት። እንደ ዋርካ ስፉ፥ እንደ ምንጭ አትንጠፉ። በራችሁ ለእንግዳ አይጥበብ። እርጅናችሁ እንደ ማር ይጣፍጥ» አለች።

የሼህ በድሩ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ «አሚን!» አሉ። ቤቱ በሙሉ «አሚን!» አለ። ከውጭ ደግሞ ኳኳኳ የሚል ሰማን፤ ካሚል ከነአጥሩ ወድቆ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ መሬት የረገጥሁ አይመስለኝም። ጠዋት ጉሙ ከሜዳው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ የጨርቅ ሱቄን እከፍታለሁ፤ ደንበኛ ሁለት ሜትር ሲለኝ ሦስት እቆርጣለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው ሪሀና፤ በዚህ ዕድሜዬ መስተዋት ፊት ቆሜ ጉንጬን ስነካ ራሴን አገኘሁት። ሼህ በድሩ ኒካሁን ለሻዕባን ወር፥ ረመዳን ሳይገባ ብለው ቀጠሩ።

ሌላ ምን አለች ትይኝ ይሆናል። ብዙም አላለች። ደክሟት ተኛች።

የደስታ ብዛት የምታደርገውን ያሳጣት
ዘይቱና


ከሚሴ፥ ህዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሪሀናዬ፥ ሰላም ለቤትሽ።

ደብዳቤሽ ከአበባው አይሱዙ ወርዶ እጄ ገባ። «ደስ ብሎኛል» በሚል አንድ መስመር አልፈሽ ሁለት ገጽ ስለ ጠብታ! አንቺ ልጅ፥ ፋርማሲስትነትሽ እህትነትሽን በላው እንዴ? እሺ፥ ልመልስልሽ።

ጠርሙሷ ላይ የተጻፈውን በሌላ ወረቀት ገልብጬልሻለሁ፤ የፈረንጅ ፊደል ነው፥ አንድ ሁለቱን ብገድፍ አትታዘቢኝ። ስንት ጠብታ ላልሽው፥ የታዘዘው አንድ ነው። ግን እማ ዓይኗን ትጨፍናለች፥ ጠብታው በጉንጯ ይወርዳል። የፈሰሰውን መተካት ነው እንግዲህ። የተካሁትም ይፈሳል። ደግሞ «ቀኙስ ምን በደለ፥ እሱም ይቅመስ» ስትለኝ እሱንም አቀመስሁት። ማን ቆጥሮ!

አፏ ደርቆ ነበር ወይ? ውሃ ውሃ ብላለች፤ ከሚሴ እኮ ነን፥ ማን ውሃ የማይል አለ? ሰውነቷ ይፋጃል፥ ላብ ግን አልነበራትም። ከምርቃቱ በፊትና በኋላ ምን ታደርግ እንደነበር ለጠየቅሽኝ፥ ሰው በዛባትና ትንሽ ቀበጠች፤ ይኸው ነው። በማግስቱ «ይህቺ ባለ ቀይ ክዳን ዓለሙን ጭስ አደረገችብኝ» ብላ ጠብታዋን ራሷ ተወችው። አሁን ደህና ናት፥ ትቆጣለች።

ያለችውን ታስታውሳለች ወይ ያልሽው ግን ዋና ጥያቄ ነው። አታስታውስም። ሴቶቹ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት ሲመጡ ግራ ገብቷት ጠራችኝ።

«ምን አልሁ?»

«ዘይቱናን ለካሚል ሰጠኋት አልሽ።»

«ከአፌ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሼህ በድሩ ሰሙ?»

«አሚን አሉ። ሰዒዳም ሰምታለች፥ ይኸን ጊዜ ሰንበቴ ገበያ ደርሷል።»

መቁጠሪያዋን ሁለቴ ዞረችው። «እንግዲያ አልሽረውም» አለች። «ሰው ሳያስብ የሚናገረው ነው እውነቱ። ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ማክሰኞ ካሚል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገባ። ጫማውን ደጅ ሲያወልቅ ካልሲው በሁለት ዓይነት ቀለም ነበር፤ ግራው አረንጓዴ፥ ቀኙ ቡኒ። እማ ኮቴውን ሰምታ «የሞተር ዘይት ሸተተኝ» አለች። «ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነው እናቴ» አላት። «አራተኛውን ነገ ታጠብ።» እንዲህ አለችው ሪሀና! የሚጠሉትን ሰው ነገ ታጠብ ይሉታል?

እባክሽ በጥያቄ አታድርቂኝ። ቀሚስ እያሰፋሁ ነው፤ ቀለሙ ጎህ ሲቀድ የሚታየው ዓይነት ነው፥ ስሙን አላውቀውም።

ዘይቱና


ጅማ፥ ህዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ዘይቱ፥

አሰላሙ ዓለይኩም። የኔ እናት፥ ደስታሽን በአንድ መስመር ያለፍሁት ስለፈራሁ ነው። የቀሚሱን ቀለም ግን አይቼዋለሁ፤ ጅማ ዝናብ ሲያባራ በምሥራቅ በኩል የሚታየው እሱ ነው።

ጠርሙሷ ላይ የገለበጥሽው «አትሮፒን» ይባላል። ሐኪሙ ያለው እውነት ነው፤ ብሌንን ይከፍታል፥ የታመመውን ዓይን ያሳርፋል። እትዬ፥ ከጓሮ ከሸንበቆው ሥር የበቀለውን አስተናግር ታውቂው የለ፥ ማታ ማታ ነጭ ጥሩንባ የሚመስል አበባ የሚከፍተውን፥ ፍሬው እሾሃም የሆነውን? ጠብታውና እሱ ዘመዳሞች ናቸው። ጠብታው የተሠራበት ነገር በአስተናግር ቅጠልም ፍሬም ውስጥ አለ።

ተክል እግር የለውም፥ ፍየል ሲመጣበት አይሸሽም። ስለዚህ መራራ ነገር በገላው ያበስላል። እኛ አልካሎይድ እንላቸዋለን። ቡናን ቡና፥ ጫትን ጫት የሚያደርጉት፥ የድሮውን የወባ ኪኒን እንዲያ ያመረሩት እነሱ ናቸው። ሁሉም ለሰው ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ሰው ነው ደርሶ የለመዳቸው። መጠናቸውን ካወቅህ ያድናሉ፥ ካላወቅህ ይገድላሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ገበሬ ቲማቲሙ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ገላው ላይ ተደፍቶበት፥ ምራቁና ላቡ እንደ ጎርፍ እየወረደ አመጡት። ያዳነው ይኸው አትሮፒን ነው። በደም ሥሩ ስንሰጠው አፉ ደረቀ፥ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ቆሜ አለቀስሁ።

ሰውነታችን ውስጥ ለምራቅ ውረድ፥ ለላብ ውጣ፥ ለብሌን ጠበብ በል እያለ የሚላላክ አለ። አትሮፒን በሩን ይዘጋበታል። አፍ ይደርቃል፥ ገላ ይፋጃል፥ ፊት ይቀላል፥ ዓይን ይሰፋል። ሲበዛ፥ በተለይ በሽማግሌና በሕፃን ላይ፥ አእምሮም መልእክት ያጣል። መልእክት ያጣ አእምሮ ደግሞ ዝም አይልም፤ የራሱን ይፈጥራል። የሌለ ሰው ያያል፥ ከአየር ላይ ክር ይለቅማል። የዓይን ጠብታ በአፍንጫ በኩል ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል እትዬ። ለዚህ ነው አንድ የተባለው። ሲጨመርም ከአፍንጫዋ በኩል የዓይኗን ጥግ በጣትሽ ተጫኝላት፤ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። አሁን ግን ወደ ሐኪሙ መልሻትና የሆነውን ንገሪው፤ ሌላ ይቀይርላታል።

አንድ ነገር በእውነት ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። እማ ያን ቀን ከሌለ ሰው ጋር ታወራ ነበር?

ደግሞ፥ ካሚልን ለምን እንደጠላችው በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ጠይቄ ነበር፤ «የትልቅ ሰው ነገር ነው» ተባልሁ። አሁንስ ትልቅ አልሆንሁም?

ታናሽሽ ሪሀና


ከሚሴ፥ ታህሳስ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሪሀና፥ እንደምን አለሽልኝ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድሁት። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ ጨርቆቹ በነፋሱ ሲወዛወዙ የሚታዘቡኝ ይመስለኛል።

አዎ። ታወራ ነበር።

ያን ቀን ሼህ በድሩ ከመምጣታቸው በፊት ቤት ስገባ እማ መደቡ ላይ ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራ ነበር። በአየር ላይ! ጣቶቿ ይከፍላሉ፥ ያጠላልፋሉ፥ ይስባሉ። እንዲያ ያለ ውብ ሹሩባ በዓይኔ አላየሁም፥ የለማ! «ዘምዘም፥ ቀጥ በይ፥ ራስሽን አታዙሪ» ትላለች። ዘምዘም የምትባል ልጅ በቤታችን ኖራ አታውቅም። ክሩን ከአየር ትለቅምና በጥርሷ ትበጥሳለች። እኔ ደግሞ እንዳልፈራ ሳቅሁ። ከምርቃቱ በኋላ፥ ሰው ሲወጣ፥ ቢጫውን ጀሪካን «አካም ጅርታ?» ብላ ሰላም አለችው፤ ዝም ሲላት ተቀየመችው።

ይህን ነው የደበቅሁሽ። ከምርቃቱ በፊትም ከኋላም ባዶ አየር ነበር፤ መሐሉ ላይ ደስታዬ ተቀምጧል። መሐሉን ብቻ ቆርጬ ላክሁልሽ፤ ጨርቅ ሻጭ አይደለሁ።

አሁን ስለ ካሚል። ትልቅ ሆነሻል፥ ስሚ።

1988 ክረምት ነው። እኔ አሥራ ስምንት፥ አንቺ ስድስት ዓመትሽ። ካሚል ሽማግሌ ልኮ፥ እማ «እናስብበት» ብላ ነበር፤ እናስብበት ማለት እሺ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን አባን ጥርሱ ሦስት ቀን እንቅልፍ ከለከለው። የካሚል አባት ቃሲም ጥርስ በጭስ ያክም ነበር። መጣ። የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ በትኖ፥ አባን ቡልኮ አከናንቦ «አምስቴ ተንፍስና ውጣ» አለው። አባ ሕመሙ ሲለቀው ጊዜ ደስ አለው፤ አልወጣም። ቡልኮውን ገፍፈን ስናወጣው ፊቱ ፍም መስሎ፥ ዓይኑ ጠቁሮ ሰፍቶ ነበር።

ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ አወራ። ጨፋ ሮቢት ላይ ቤት አለኝ አለ። ሚስት አለችኝ፥ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ሙጂብ፥ ትንሹ ፈይሩዝ። «ሙጂብ፥ ጥጃዋን አትልቀቃት» እያለ ይስቃል፤ እፊቱ የተቀመጡ ያህል። እማ ውሃ ልትሰጠው እንስራዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሲነጋ አባ አንዱንም አላስታወሰ። ቁርኣን አስመጥቶ ማለ። እማ ምን አለች? «አስተናግር የያዘው ምላስ አይዋሽም። የሌለ ልጅ ስም የለውም።» እኛ አገር ሁሉም የሚለው ይህንኑ አይደል፤ እኔም አመንሁ።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። አበሰለችለት፥ አጠበችለት፥ ቃል ግን አልሰጠችውም። አስታወስሽ ሪሀና? «አባትሽን ምሳ ቀርቧል በይው።» «እናትሽን ጠግቤያለሁ በያት።» አንቺ ነበርሽ መልእክተኛዋ፤ ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል እየዘለልሽ። ጨዋታ ይመስልሽ ነበር። እንዲያ እንዳሉ ሞተ።

የካሚል ነገርም በዚያው ቀረ፤ «የዚያ ቤት ጭስ ቤቴን አፈረሰ» አለች። እኔ ባቲ ተዳርሁ፥ ሰባት ዓመት ኖሬ ያለ ልጅ ተፈታሁ፥ ተመለስሁ። ካሚልም አግብቶ ሚስቱ ሞተችበት።

አሁን ፍረጂኝ። ያንቺን ደብዳቤ ለእማ ባነብላት ምርቃቴ ይበናል። ያ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ግን ስለ ጠብታው ስትሰማ ስለ ጭሱም ታስባለች። አባ እውነቱን ምሎ ሊሆን እንደሚችል፥ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ጥፋቱ ቀጥታው ሊሆን እንደሚችል በሰባ አራት ዓመቷ ልንገራት? አልነግራትም። ጨርሻለሁ። ኒካሁ ሊደርስ ነው፥ ቀሚሱ ጠርዙ ብቻ ቀርቶታል። ዕድሜዬን በሙሉ እውነት ስናገር ኖሬ ምን ተረፈኝ? ተይኝ።

ዘይቱና


ጅማ፥ ታህሳስ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፥

መልእክተኛነቴን አስታወስሁ። አንድ ቀን አባ «እናትሽን ወጡ ጣፍጧል በያት» አለኝ። ስሮጥ መንገድ ላይ ድመቷን አየሁና ረሳሁት። ሳልነግራት ቀረሁ። ደብዳቤሽን ካነበብሁ ጀምሮ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አባ ያለው እውነት ነበር ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፥ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ቅጠሉ እውነትና ውሸት አይለይም። ያየውን ሕልም ከኖረው ጋር አንድ ላይ ያጠላልፈዋል። የሌለ ልጅ ስም ሊኖረው እንደሚችል ግን አንቺ በዓይንሽ አይተሻል።

አልፈርድብሽም። ስልክ ደውዬ፥ ድምጹ ተለቆ ሳለ፥ እኔው ልነግራት እችል ነበር። አላደርገውም። ቤቱም ደስታውም ያንቺ ነው። እኔ የምለው አንድ ነው፦ እማ ይህን ሳታውቅ ከሞተች አባን ሁለተኛ ቀበርነው።

ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም እህትሽ ነኝ፤ ለኒካሁ እመጣለሁ።

ሪሀና


ከሚሴ፥ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሪሀናዬ፥

ነገርኋት።

ጠዋት ነበር። የሜዳው ጉም እስከ ደጃችን ወጥቶ አጥሩም ዛፉም የለም፤ እኔና እማ ብቻ ነጭ ነገር ውስጥ የተቀመጥን ይመስል ነበር። ባለ ቀይ ክዳኗን ጠርሙስ በእጇ አስያዝኋትና ያልሽውን በሙሉ፥ የበዛውን ጠብታ ጨምሬ ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ መጀመሪያ ስለ ምርቃቱ አይደለም።

«ዘምዘም ማናት?»

«የለችም እማ።»

«ሹሩባዋን ጨረስሁላት?»

«ጨረስሽላት።»

«ቆንጆ ነበረች?»

«አላየኋትም እኮ። እጅሽን ግን አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ ልጅ የያዘ እጅ ነበር።»

ጠርሙሷን ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ «ዱጋ ሞ ሶባ?» አለችኝ። እውነት ነው ወይስ ውሸት ማለቷ ነው፤ ሲጨንቃት በኦሮምኛ እንደምትጠይቅ ታውቂያለሽ። «ዱጋ» አልኋት። «እንግዲያ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ምርቃቱን መልሽ» አለች። መለስሁ። እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም፤ ብቻ «መለስሁ» አልኋት።

ለካሚልም ሄጄ ነገርሁት። ሞተር ፈትቶ እጁ በዘይት ተነክሯል። አንድ ብሎን አንስቶ ጠረገ። «ሠላሳ ዓመት የቆምሁት በጠብታ ለመግባት አይደለም» አለኝ። ከዚያ እንዳላለቅስ ብሎ ነው መሰለኝ፥ «አጥሩን እንደሆነ ጠግኜዋለሁ፥ መቆሚያ አላጣም» አለ።

ዓይኗን ካሰብሽ፥ ደሴ መልሼያት ሐኪሙ ሌላ ቀይሮላታል፤ ቅላቱ ለቅቋል። አፏ ግን ተዘግቷል። ይኸው ስድስት ቀኗ ነው፥ ትሰግዳለች፥ ትንሽ ትቀምሳለች፥ ወደ መንገዱ ታያለች። ትናንት ብቻ ድንገት «ጨፋ ሮቢት በመኪና ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። «ግማሽ ሰዓት» አልኋት።

«ግማሽ ሰዓት» አለች። ቆይታ ደግሞ፥ ለራሷ፦ «ግማሽ ሰዓት።»

ሄዳ አላየችም ሪሀና። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሄዳ አልጠየቀችም፥ ሰውም አልላከችም። እኔም አልሄድሁ።

ቀሚሱን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አትዘኚልኝ። የሚገርምሽ፥ ከነገርኋት ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ ነው።

ዘይቱና


ከሚሴ፥ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ ዓለም ሪሀና፥

ሁለት ደብዳቤ ልከሽ አልመለስሁልሽም፤ አፉ በይኝ። «በአንድ ቃል ንገሪኝ» ብለሻል። እኔን በአንድ ቃል! ማንን እንደምትጠይቂ ረሳሽው እንዴ?

ባለፈው ሳምንት እማ ሰዒዳን ጠራቻትና «ለሼህ በድሩ ንገሪያቸው፥ የካሚል ሽማግሌዎች ሰኞ ይምጡ። ጠዋት፥ ዓይኔንም ሆዴንም አንዳች ሳይነካኝ» አለቻት። ለሰዒዳ የተነገረ ለአዋጅ ነጋሪ የተነገረ ነው፤ ሰኞ ቤታችን ውስጥ እግር መጣያ ጠፋ። ካሚልም መጣ፤ ካልሲው አንድ ዓይነት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ሲሉ እማ እጇን አነሳች። «ቆዩ። የመጣችሁበትን ሳትነግሩኝ፥ እኔ የምጠይቃችሁ አለ» አለች። «ለልጆቼ አባት ዱዓ አድርጉልኝ።»

ስሙን በአፏ ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ «ለአሕመድ» አለች። ሼህ በድሩ ፋቲሓ አስቀሩ። ሲጨርሱ እማ በሰዉ ሁሉ ፊት፥ ድምጿ ሳይሰበር፦

«ሰው ልኬ አላስጠይቅም። ጊዜው አልፏል። ያለው እውነት ከነበረ እኔ አፉ ብዬዋለሁ። እውነት ካልነበረ እሱ አፉ ይበለኝ» አለች።

ሼህ በድሩ መነጽራቸውን አውልቀው በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉ። እማም «አሁን ተቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ፥ ጠየቁ። እሷም «ሰውየው ወደ ብርሃኑ ይምጣ» አለች። ካሚል እሷ ወደተቀመጠችበት፥ በሩ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። አገጩን ይዛ በዳነው ዓይኗ እንደ ጨርቅ አገላብጣ አየችው።

«ሸብተሃል እኮ!»

«እናቴ፥ እርስዎን ስጠብቅ ነዋ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ልጄን የሚያስለፈልፍ ነገር ታጠጣብኛለህ?»

«እሷ? እሷ ምንም ሳትጠጣ ነው እኮ የምትለፈልፈው!»

እዚህ ላይ እማ ሳቀች ሪሀና። ሳቋን ረስቼው ነበር፤ እንዳንቺ ነው የምትስቀው፥ ትከሻዋ እየዘለለ። ለካ ከእሷ ነው የወሰድሽው።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። እኔን ወደ ቀኝ፥ ካሚልን ወደ ግራ አድርጋ መረቀችን። ረጅም ነበር። ጸሐይዋ በበሩ ገብታ ጉልበቷ ላይ ደርሳ እስክትወርድ ድረስ መረቀችን።

ኒካሁ እሑድ ሳምንት ነው። አብዱልጀሊል ጋቢናውን ለአንቺ ባዶ አድርጎ ይዟል፤ አበባው ውስጥ ተቀምጠሽ ነይ። ቀሚሱን አውጥቼ ሰቅዬዋለሁ።

ምን ብላ እንደመረቀችን ቃል በቃል ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥሁት፤ አልቻልሁም። ያንን የጠብታውን ምርቃት ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የሰኞውን ግን እኔ አልሰማሁትም፤ እያለቀስሁ ነበር። ካሚልን ጠየቅሁት፥ እሱም እያለቀሰ ነበር፥ አልሰማም። እማን ብጠይቃት «አንዴ ብያለሁ፥ አልደግምም» አለችኝ። በመጨረሻ ወደ ሼህ በድሩ ሄድሁ።

«አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አሉኝ። «ሰሚው ሰምቶታል።»

እህትሽ ዘይቱና